ውጭ አገር ልጅ አላት

ከሥራ ገብቼ ጋደም ብያለሁ፤ እንቅልፍ ግን ወዴት አለ። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ የሰው ጥቅል ሳነሳና ስጥል አድሬ፣ ሰው ለሥራ ሲወጣ እኔ ለመተኛት እገባለሁ፣ የኔ ጀርመን ይሄ ነው፣ ሃሌ የሚባል ከተማ ዳር ያለ የስደተኞች ካምፕ፣ አንድ ክፍል ለሦስት፣ አብሮኝ የሚኖረው ሃፍቶም መስኮቱ ላይ በሚስማር የመታው የአልጋ ልብስ መጋረጃ ሆኖ፣ ከሥሩ ቀኑ እየሾለከ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው። አዲስ አበባ አሁን ረፍዷል፣ ረይሀና እቴቴን ይዛ ሆስፒታል ደርሳለች፣ ወረፋ ይዘዋል፣ ወይም ገብተዋል፣ ወይም ያቺ አዲሷ የጤና መድን ካርድ አትሠራም ተብለው ተመልሰዋል፤ የመጨረሻው ቢሆን አይገርመኝም፣ እነዚያን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ ስሟ አሰፋች፣ እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስትሞት እሪ በከንቱ ያለችው የቀበሌ ቤቷ አስገብታ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ የራሷ ልጅ የላትም፣ ጡረታ የላትም፣ ከዚያች ቤት ሌላ በስሟ የተጻፈ ነገር የላትም። ይህችን ሴት ነው የወረዳው ሰዎች ባለ ሀብት ያደረጓት። ቅሬታዋን ያስገባችው መስቀል ሳይውል ነበር፣ አሁን ፋሲካ አልፏል፣ በዚህ መሃል ስንቱ አግብቶ ተፋቷል፣ እነሱ አንድ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ለመቀየር ይሄን ሁሉ ጊዜ ፈጁ፣ ይሄንንም ሥራ ይሉታል።

እቴቴ ዕድሜዋን የፈጀችው ፒያሳ፣ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ባንኮኒው ኋላ ሂሳብ ተቀባይ ሆና ነው። ቀይ ሊፒስቲኳን ተቀብታ ከከፍተኛ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ ከወርቅ ቤት ቀለበት ገዝተው ኬክ ሊበሉ የገቡትን እጮኛሞች ከላይ እስከ ታች ታያቸዋለች፣ ሲወጡ ወደ አስተናጋጆቹ ዞር ብላ "ይቺ ልጅ ትመለሳለች፣ ቀለበቱን ይዛ ብቻዋን" ትላለች፣ ብዙ ጊዜም ልክ ትሆናለች። ኬክ ቤቱ ፈረሰ፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ እከፍታለሁ ብሎ ጠፋ፣ እሷም መክፈል የማይችሉ ከሚባሉት ጋር ተመዘገበች፣ የእነሱን የጤና መድን መዋጮ መንግሥት ይከፍላል። ቅር አላላትም፤ "ከሌለኝ የለኝማ፣ ምን አፍራለሁ" ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት ሰው ባለጌ ሆነ የሚል ነገር አመጣች። "ኢዩዬ፣ ፒያሳ እኮ ዱሮ ቀረች፣ ሰዉ እየመጣ ይገጨኛል፣ ይቅርታ እንኳን የለም" ትለኛለች፣ እኔ ኢዩኤል ደግሞ ጅል ነኝና እዚህ ተጋድሜ እስቃለሁ፣ አዎ፣ አዲስ አበባ ጨዋ አላት እንዴ እላለሁ። ማንም አልነበረም የሚገጫት። እሷ ናት ከጎኗ የሚመጣውን ማየት ያቆመችው። የነቃችው ረይሀና ናት፣ አባቷ ከስልጤ መጥቶ የከፈተውን ሱቅ ይዛ ከእቴቴ ቤት ፊት ለፊት የምትነግድ ጎረቤታችን፣ እቴቴ የሱቁን በር መቃን ደጋግማ በትከሻዋ ስትመታ አየችና እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ግላኮማ አሉ። የዓይን ግፊት ነው፣ ከዳር እየበላ ወደ መሃል የሚመጣ፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታና በኦፕራሲዮን ማቆየት ይቻላል፣ ሳትቆይ ሆስፒታል ትሂድ ብለው ሪፈር ጻፉላት። ሪፈሩን ይዛ ካርዷን ልታሳድስ ወረዳ ስትሄድ ስሟ ተሰርዟል። ለምን? ውጭ አገር ልጅ አላት።

ልጅ አላት። እሷ "ልጄ አይደለም፣ የእህቴ ልጅ ነው" ስትላቸው ጠረጴዛው ኋላ ያለችው ልጅ "ያው ነው እናቴ" አለቻት፣ ያው ነው፣ እነዚህ ሰዎች የሰውን ልጅ ሁሉ በሁለት ቃል ይጨርሱታል። ውጭ አገር። ውጭ አገር ማለት ለነሱ አንድ ሰፊ ቤት ነው፣ እዚያ የገባ ሁሉ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ዩሮ ይቆጥራል። የጥገኝነት ጥያቄዬ ውድቅ ተደርጎ እኔም እዚህ ይግባኝ ላይ ነኝ፣ ፍርድ ቤቱ መዝገብህ በመታየት ላይ ነው ይለኛል፣ ማን እንደሚያየው እግዜር ይወቅ፣ በመሃሉ ላባርርህ እችላለሁ የሚል ወረቀት ኪሴ ይዤ ባዶ እጄን እዞራለሁ፤ ይሄ ነው የእቴቴ ሀብት፣ በሀብት ምዝገባ የተያዘባት ይሄ ነው። እሺ፣ ግድ የለም፣ እንደ ከፋይ አባል ትመዝገብ፣ እኔ እልካለሁ ብዬ ረይሀናን ላክኋት። የከፋይ ምዝገባ ተዘግቷል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይከፈታል አሏት። ደግሞም ቅሬታ ያቀረበ ሰው ቅሬታው ሳይወሰን ከፋይ ሆኖ አይመዘገብም። ቅሬታዋን ብታነሳስ? ካነሳች ውሳኔውን ተቀብላለች ማለት ነው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ትጠብቃለች። ረይሀና ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ አድናቆት ነበረበት፣ እውነቷን ነው፣ በአንድ በኩል ገብተው በሌላ በኩል የማይወጡበት ቤት መሥራት ቀላል አይደለም፣ ፒያሳን አፍርሶ ለመሥራት ከዚህ የሚሻል መሐንዲስ ከየት ይገኛል።

ስለዚህ ጠበቅን። መጀመሪያ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገነነ ሥልጠና ላይ ናቸው ተባለ። የሥልጠናው ርዕስ ቀልጣፋ አገልግሎት መሆኑን ረይሀና በሩ ላይ ተለጥፎ አንብባ ነገረችኝ፣ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከሥልጠናው ሲመለሱ ኮሚቴው አልሞላም፣ ሲሞላ ሲስተም የለም፣ ሲስተሙ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ለኮሪደር ልማት ይፈርሳል ተብሎ አፍንጮ በር በኩል ወዳለ ኪራይ ፎቅ ተዛወረ፣ ፋይሎቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ፣ የጤና ጉዳይ ደግሞ ከላይ ጫፍ ላይ፣ የታመመ ሰው የሚፈልገውን ቢሮ እዚያ ለመስቀል ሆን ብሎ ካልሆነ እንዴት ይታሰባል። እቴቴ ግድግዳውን እየዳበሰች ትወጣለች። ወጥታ "ነገ ተመለሱ" ተብላ ትወርዳለች። እኔ እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ እንደወጣች እንደወረደች አስባለሁ፣ ከዚያ ንዴቴ ሲያይል ራሴ ደወልኩ፣ አንድ ወንድ አነሳ። "ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ወይዘሮ አሰፋች ቅሬታ ልጠይቅ ነበር።" "ምናቸው ነዎት?" "የእህታቸው ልጅ።" "ከየት ነው የሚደውሉት? ቁጥሩ ረዘመብኝ።" "ከጀርመን።" ፈገግታው በስልኩ ውስጥ ይሰማል። "እንግዲህ ይኸው፣" አለኝ፣ "ከጀርመን እየደወሉ።" "ወንድሜ፣ ስልክ መደወል ሀብት ነው እንዴ?" "እኔ አይደለሁም የምወስነው፣ ኮሚቴው ነው።" "ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?" "ሲሟላ።" "መቼ ይሟላል?" "ሲሰበሰብ።" ይህን የተናገረው ሳያሾፍ ነው፣ የሚያሾፍ ቢሆን ኖሮ እወደው ነበር፣ አራዳ ነው እል ነበር፣ ይሄ ግን በእውነት መልስ የሰጠኝ መስሎታል፣ ዘግቶ ወደ ሻዩ ተመለሰ።

እስከዚያ ድረስ ለግል ክሊኒክ ጠብታ መግዣ እልክ ነበር፣ ትንሿ ብልቃጥ ቶሎ ታልቃለች፣ ደግሞ እልካለሁ። ብርዱ ሲጠና የኔም የሥራ ፈቃድ እድሳት ላይ ነው ተባለ፣ እድሳት ላይ ያለ ሰው አይሠራም፣ የመሥሪያ ቤቷ ሴትዮ መነፅሯን አውልቃ "ትዕግሥት" አለችኝ፣ ጀርመንኛዬ ደካማ ቢሆንም ይህችን ቃል አውቃታለሁ፣ መጀመሪያ የሚያስተምሩት እሷን ነው። በረዶውን በሙሉ ተቀምጬ አሳለፍኩት፣ ፈቃዱ የተመለሰልኝ በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው። ጠብታው ተቋረጠ። እቴቴ ስደውል "አለኝ፣ አልጨረስኩትም" ትላለች፣ እንደሌላት አውቃለሁ፣ እንደማውቅ ታውቃለች፣ ስለ አየር እናወራለን። አንዱ ቢሮ እዚህ፣ አንዱ ቢሮ እዚያ፣ ቋንቋቸው የማይገናኝ፣ መልካቸው የማይገናኝ፣ አንዲት አሮጊት ዓይን ላይ ግን ተመካክረው የተነሱ ይመስል ነበር፣ ለመመካከርም እኮ ሥራ መግባት ይጠይቃል፣ እሱም አይሆንላቸውም።

በመጨረሻ ረይሀና ሱቋን ዘግታ ሄደችና የቢሮው በር ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ሰብሳቢው ጉዳዩን ሳያዩ አልሄድም አለች። ጥበቃ ጠሩባት፣ ጥበቃው ከሷ ሱቅ በዱቤ የሚወስድ ሰው ሆኖ ተገኘ፣ አልሰማም ብሎ ወደ ታች ወረደ። ኮሚቴው ተሟላ፣ የሚገርም ነው፣ ለካ ሁሉም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበሩ። አቶ ገነነ ግን አንድ ነገር አሉ፣ ልጁ ራሱ ይጠየቅ፣ በቪዲዮ። ያን ቀን እኔ አሁን በተኛሁበት በዚህ አልጋ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሃፍቶም ጥግ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል፣ ስልኩ ላይ ሦስት ፊት ይታየኛል፣ ረይሀና ስልኩን ከአንዱ ወደ አንዱ ስለምታዞረው የአቶ ገነነ ግንባር ይገባል ይወጣል፣ ኮት ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ ባጅ አለ። "ሥራዎ ምንድነው?" ይሉኛል። "መጋዘን ውስጥ ጥቅል እደረድራለሁ።" "ቋሚ ነዎት?" "አይደለሁም።" "መኖሪያዎስ?" "ካምፕ።" "ወታደር ነዎት?" "የስደተኛ ካምፕ ነው።" ከጎናቸው ያለው ሰውዬ "ጀርመን ውስጥ?" ብሎ በጥርጣሬ ያየኛል፣ ጀርመንን ልሰድብበት የመጣሁ ይመስል። አቶ ገነነ "ክፍሉን ሊያሳዩን ይችላሉ?" አሉ። ያኔ ልዘጋው ነበር። አልዘጋሁትም፣ ስልኩን አዞርኩት፣ ማሞቂያው ላይ የተሰጣውን ካልሲ፣ ወንበር ላይ ያለውን ድስት፣ በሚስማር የተመታውን የአልጋ ልብስ፣ የሦስተኛውን ልጅ መስገጃ፣ የሃፍቶምን የተከፈተ አፍ አንድ በአንድ አሳየኋቸው፣ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበቱን እንደሚያስመዝን ሰው ድህነቴን አስመዘንኩ። አብራ የመጣችው የእቴቴ ድምፅ ከኋላ መጣ፣ "ረይሀና፣ ምን እያሳያቸው ነው?" ረይሀና "ክፍሉን ነው እቴቴ" አለቻት፣ "ሰፊ ነው፣ መስኮቱ ትልቅ ነው፣ ግድግዳው ነጭ ቀለም ነው።" ከኮሚቴዎቹ አንዷ ሴት አንገቷን ደፋች። እኔ አቶ ገነነን ነው የማየው፣ አሁን ሰፊ ክፍል አለው ብለው ይጽፋሉ፣ ጎረቤቷ ራሷ መሰከረች ይላሉ ብዬ እጠብቃለሁ፣ እንዲሉም እፈልጋለሁ፣ ቢሉ የልቤን እሰድባቸዋለሁ። አላሉም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "አዎ እናቴ፣ ጥሩ ክፍል ነው" አሏት፣ ከዚያ ወደ እኔ "በቃ፣ ይበቃናል" ብለው መጻፍ ጀመሩ። እንደዚህ ናቸው እንግዲህ፣ ሰው በሙሉ ልቡ እንኳን እንዲንቃቸው አይተዉትም። ደግነቱ ወዲያው ወደ ዱሮ ጠባያቸው ተመለሱ፤ ውሳኔው የዚያኑ ዕለት ተፈርሞ፣ ማኅተም የያዘው ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው ተብሎ ፋሲካ እስኪያልፍ መሳቢያ ውስጥ ተኛ።

የቪዲዮው ዕለት እቴቴ ራሷ ደወለች፣ ራሷ አትደውልም ነበር፣ ውድ ነው ትላለች። "ኢዩዬ፣ ካልሲ ማሞቂያ ላይ አይሰጣም፣ ላስቲኩ ይላላል" አለችኝ። "አየሽው እንዴ?" "ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ እኮ፣ የማላየው ጎን ለጎኑን ነው። ለረይሀና እንዳትነግራት፣ እንዲያ አሳምራ ዋሽታ።" "ያ የተኛው ልጅ ማነው?" "ሃፍቶም ይባላል፣ የአዲግራት ልጅ ነው።" "ሰው ሲተኛ እንዲህ አያሳዩትም፣ ነውር ነው፣ ሲነሳ ይቅርታ በለው፣ ሰላምም በልልኝ።" ከዚያ ሳል መሰለ፣ ሳል አልነበረም፣ "በቃ ሂሳቡ ይቆጥራል" ብላ ዘጋችው። ሃፍቶምን ሲነሳ ይቅርታ ጠየቅሁት። ነገሩን ስነግረው አልተቆጣም፣ "ታዲያ አለፈች?" ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱ ሁሉም ነገር ፈተና ነው የሚመስለው፣ ምናልባት ልክ ነው።

ስልኩ ጠራ፣ አሁን፣ ደረቴ ላይ፣ ረይሀና ናት፣ ከኋላዋ የሆስፒታል ኮሪደር ጫጫታ ይሰማል፣ ስም ይጠራሉ፣ ሕፃን ያለቅሳል። "ኢዩኤል፣ ገባን፣ ካርዱ ሠራ።" "ሐኪሞቹ ምን አሉ?" "ቆይ፣ ልራቅ" አለችኝ፣ ስትራመድ ይሰማኛል፣ ሰው ሲርቅ ምን ሊነግርህ እንደሆነ ታውቀዋለህ። "ቀኙ ሄዷል። ብርሃን እንኳን አትለይበትም። ጠብታው በተቋረጠበት ጊዜ ነው ግፊቱ የጨረሰው አለች ዶክተሯ፣ ሪፈሩ በተጻፈላት ሰሞን መጥታ ቢሆን እንይዘው ነበር አለች። ግራው አለ፣ ጠብታ ሰጥተዋታል፣ ኦፕራሲዮን ተይዞላታል፣ እሱን አናስነካውም አለች።" "እሷስ?" "ዶክተሯን ፀጉርሽን የት ነው የምትሠሪው ብላ ጠየቀቻት።" ረይሀናን ላጽናናት ይገባኝ ነበር፣ እኔ ግን ጥፋቱን እያከፋፈልኩ ነው፣ ይሄን ያህል ለኮሚቴው፣ ይሄን ያህል ለማኅተሙ፣ ይሄን ያህል ትዕግሥት ላለችኝ ሴትዮ፣ ባከፋፈልኩ ቁጥር የሚተርፍ አለ፣ ማንም የማይወስደው፣ እኔ እጅ የሚቀር። ያኔ ከሃፍቶም ተበድሬ መላክ አልችልም ነበር? እችል ነበር። ለመለመን አፈርኩ፣ ተመልሼ ድህነቴን በቪዲዮ ለሦስት ሰው አሳየሁ። ከሁሉ በላይ የምንቀው ይሄ አልጋ ላይ የተጋደመውን ነው።

ረፋዱ ወደ ከሰዓት ሲዞር እንደገና ደወሉ። ለኦፕራሲዮኑ የኮሚቴው ውሳኔ ኮፒ ማኅተም ያለበት አምጡ ብሏቸው ሆስፒታሉ፣ ከዚያ በታክሲ አፍንጮ በር ሄደው፣ ያንን ፎቅ ወጥተው ቢሮው ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ረይሀና ስልኩን ከፍታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች፣ እኔ እንድሰማ ነው፣ ማንም ዳግም ነገ ተመለሱ እንዳይል። ኮፒው ተሰጠ፣ ማኅተሙም ተመታ፣ ሲመታ ሰማሁት፣ ይሄን ያህል ነው ለካ፣ አንድ ጊዜ ጠብ። ከዚያ የአቶ ገነነ ድምፅ መጣ፣ ለስላሳ፣ እንደ ቄስ። "እናቴ፣ አንዲት ነገር ብቻ። ጉዳይዎ ስላለቀ በአገልግሎታችን መርካትዎን የሚገልጽ ቅጽ አለ፣ እኛ ሞልተነዋል፣ እርስዎ ይፈርማሉ። ከላይ ይጠይቁናል።" ረይሀና "ምን?" አለች። እቴቴ "ቆይ አንቺ" አለቻት፣ የባንኮኒ ድምፅዋ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር የምታወጣው። "በቀኜ በኩል አስቀምጠው" አለችው። ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። "ይኸው እናቴ፣ እዚህ ጋ ነው የሚፈርሙት።" "የት?" "ይኸው፣ በቀኝዎ በኩል፣ እስክሪብቶውም አጠገቡ ነው።"

"በቀኜ በኩል ምንም የለም ልጄ" አለችው።

ቀልድ መሆኑን ለማወቅ እየጠበቁ ነበር መሰለኝ። ያቺ አንገቷን የደፋችው ሴት ናት መሰል በቀስታ "ይተዉት አቶ ገነነ" አለች። ወንበር ተሳበ፣ ረይሀና ስልኩን ሳትዘጋው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ በኋላ የማዳምጠው ጨርቅ ከጨርቅ ሲፋተግና ጫማ ደረጃ ሲወርድ ብቻ ነው፣ በመሃል የረይሀና ድምፅ "ቀስ፣ እዚህ ጋ ተሰብሯል" ይላል፣ የእቴቴ ድምፅ ደግሞ "አየሁት፣ አትጎትቺኝ" ይላል።